ለደሴው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ምስጋና፤ ፊዚዮ መማር ለምትፈልጉም ጥቆማ

ሰላም የደሴና የአካባቢዋ ሰዎች፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ደሴ ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒ (አካልን በእንቅስቃሴና በልምምድ የማከም ሙያ) ክፍል የሚሠራ አንድ ወንድማችንን ላመሰግን ነው። ስሙን አልጠራም፤ መወደስ አይወድም።

እናቴን ስትሮክ መትቷት ግራ ጎኗ ዝሎ ነበር። ዛሬ በዚያው እጇ ስኒ ይዛ ቡናዋን ትጠጣለች። ለዚህ እሷ ራሷ በየአቦሉ ዱአ ስለምታደርግለት እኔ ብዙ አልጨምርም። የኔ ምስጋና ለእህቴ ልጅ ላደረገላት ነው።

እናቴን ሆስፒታል የምታመላልሳት እሷ ነበረች። አስራ ሁለተኛን ጨርሳ ምርጫ ልትሞላ ስትል «ፊዚዮ ነው የምማረው» አለች። ቤት ውስጥ ሁሉም ሳቀ፤ «ወጌሻ ልትሆኚ ነው እንዴ?» ተባለች።

ባለሙያው ግን አልሳቀም። «እስኪ እማማን ከወንበር አስነሺያቸው» አላት። ልጅቷ የዛለውን ክንድ ያዝ ስታደርግ አስቆማት። «ክንድ አይጎተትም፤ የዛለ ትከሻ ቶሎ ይጎዳል።» የእናቴን እግሮች ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ አስተካከለ። ወደ ፊት ጎንበስ እንድትል አደረጋት። የልጅቷን መዳፍ ከእናቴ ትከሻ ጀርባ አስቀመጠና «አሁን ጠብቂ፣ እሳቸው ይነሱ» አለ። እናቴ በራሷ ጉልበት ብድግ አለች! «ይሄን በመጽሐፍ አትማሪውም። አስተማሪ አጠገብሽ ቆሞ፣ ሕመምተኛ ላይ እጅሽን የሚያስጀምርሽ ትምህርት ቤት ፈልጊ» አላት።

ከዚያ በኋላ የትም ስትሄድ የምትጠይቀውን ነገራት። ተማሪዎች ልምምድ የሚወጡት የትኛው ሆስፒታል ነው? የወገብ ሕመም ብቻ ነው የሚያዩት ወይስ የተሰበረም፣ እግሩ ተጠማዞ የተወለደ ሕፃንም፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኛም? አናቶሚ (የሰውነት ክፍሎች ትምህርት) በአስከሬን ነው የሚማሩት ወይስ በሥዕል? ከ2015 ጀምሮ የመጣውን የመውጫ ፈተና ስንቱ አለፈ? የግል ኮሌጅ ከሆነ ደግሞ ኮሌጁ ፈቃድ አለው መባሉ አይበቃም። ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን እውቅና የሚሰጠው ለየፕሮግራሙና ለየካምፓሱ ስለሆነ የፊዚዮቴራፒው እውቅና ራሱ መታየት አለበት። እኛም አንድ ቦታ ጠይቀን ነበር። ያማረ ማሽን አስጎበኙን፣ ሻይ ጋበዙን፣ የእውቅናው ወረቀት ሲጠየቅ ግን «በሂደት ላይ ነው» አሉን። የወር ሁለት ወር የማሳጅ ሥልጠናም በፊዚዮ ስም ይሸጣል፤ ተጠንቀቁ።

እሱ የጎንደር ልጅ አይደለም፣ የተማረውም እዚያ አይደለም። ግን ጎንደርን ነው ያስቀደመላት። ጎንደር ከ1947 ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን የኖረች ናት፤ በፊዚዮቴራፒ ዲግሪም ፋና ወጊዋ እሷ ናት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዶክትሬት ደረጃ እንደሚያስተምርም ነግሯት፣ ሁለቱን አመዛዝና እንድትመርጥ ተዋት። በመጨረሻ ጎንደር ሆነ፤ በወልድያ በደብረ ታቦር አድርጋ ትመላለሳለች። አንድ ነገር ግን እወቁ፤ ዩኒቨርሲቲው ደረሰኝ ብሎ መተኛት የለም። ዲፓርትመንት ለመግባት የፍሬሽማን (የመጀመሪያ ዓመት) ውጤትም ይታያል። ይህን ቀድሞ ስለነገራት ልጅቷ ገና ከመጀመሪያው ሴሚስተር ሙጭጭ ብላ አነበበች፤ ገባችም።

ከመሄዷ በፊት እዚሁ ደሴ ያለውን የአካል ድጋፍ ማዕከል እንድታይም ልኳታል። ሰው ሠራሽ እግር ገጥሞ መራመድ የሚለማመድ ሰው ማየት ያስፈልግሻል፣ ካልቻልሽው አሁኑኑ እወቂው ብሎ ነው። ለኔ ከምክሩ ሁሉ ይሄ ይበልጥብኛል። ለአንድ ዘመድ ላልሆነች ልጅ ማን እንዲህ ይለፋል? አላህ እድሜና ጤና ይስጠው።

ስትሮክ የመታው ሰው ያላችሁ ሐኪም «ይበቃል፣ ወደ ፊዚዮ ሂዱ» እንዳለ ቶሎ ውሰዱት፤ ቤት እያሻችሁ አታቆዩት። ልጃችሁ ይህን ሙያ ካሰበም ይዛችሁት ሂዱና ባለሙያውን አነጋግሩት። ጠዋት ወረፋው ከባድ ስለሆነ ለምክር ከሆነ ከሰዓት ይሻላል።