ላስቲኩን ሳታስቀድዱ አትክፈሉ

ደብረ ማርቆስ፣ ቡሬና ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ዙሪያ በላስቲክ ታሽጎ የሚዞረውን የስለላ ልብ ወለድ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ትንሽ ቆዩ። ጣሊያን ጎጃም በነበረበት ዘመን ትሰልል ስለነበረች ሴት የተጻፈው ነው። ርዕሱን የማልጠቅሰው ደራሲዋ ጥፋት ስለሌለባት ነው፤ የሚዞረው የእሷ ኅትመት ሳይሆን ተሰርቆ የተባዛ ኮፒ ነው።

መጽሐፉ እዚህ የተፈለገው በከንቱ አይደለም። ልጅቱ ለአርበኞች ወሬ ታቀብላለች፤ አባቷ ለጣሊያን አድሯል፤ ከቤተሰቡ ማን ማንን አሳልፎ እንደሰጠ እስከ መጨረሻው አይታወቅም። ለጎጃም ሰው ይህ ተረት አይደለም። ራስ ኃይሉ ከጣሊያን ጎን ሲቆሙ እነ በላይ ዘለቀ ጫካ ነበሩ። ነሐሴ 1932 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ሳንድፎርድ ከሱዳን ተሻግሮ ጎጃም ሲገባም ዋና ሥራው ከአርበኞቹ ጋር መገናኘት ነበር። ባንዳና አርበኛ ከአንድ ማዕድ የበሉበት ቤት ብዙ ነው፤ ዛሬም ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው የሚወራው። ኮፒ ነጋዴውም ይህን ፍላጎት አይቷል።

አሁን ወደ ጉዱ። መጽሐፍ ሲታተም አንድ ትልቅ ወረቀት ብዙ ገጽ ይይዛል፤ አብዛኛውን ጊዜ 16። ሲጠረዝ አንዱ ወረቀት ከተዘለለ 16 ገጽ ባንዴ ይጠፋል። እኔ እጅ በገባው ኮፒ ከገጽ 272 ቀጥሎ ያለው 289 ነው። ልጅቱ የእናቷን ሣጥን ከፍታ ደብዳቤውን ስታወጣ እንተዋታለን፤ መልሰን ስናገኛት አባቷ ተቀብሯል! ዋሸራ ድረስ ሄዶ የቅኔውን ሰም ብቻ ሰምቶ፣ ወርቁን ሳያገኙ እንደመመለስ ነው። ቀለሙም ከመፍዘዙ የተነሳ «ገደለ» ይሁን «ገደሉ» አይለይም (አንድ ሰው ነው ወይስ ዘመዱ ሁሉ?)።

ዋጋው ደግሞ ከኦሪጅናሉ ብዙም አይቀንስም፤ በሽፋኑ ዋጋ ላይ ሌላ ቁጥር ተለጥፎበታል።

አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ግን ማንን ትጠይቃላችሁ? ደረሰኝ የለ፣ ሱቅ የለ፤ አዟሪው ነገ ዳንግላ ነው። እሱን አትስደቡት፣ እንደታሸገ ነው የሚረከበው። ማባዛቱን የከለከለው የቅጂ መብት አዋጅ፣ 410/1996፣ በመጀመሪያ የሚመለከተው ከጀርባ ያለውን አባዢ ነው።

ከአዟሪ የምትገዙ ከሆነ ላስቲኩን አስቀድዱና መጋጠሚያዎቹን እዩ፦ ከ16 ቀጥሎ 17፣ ከ32 ቀጥሎ 33፣ እንዲህ እያላችሁ እስከ መጨረሻው። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። «ከተቀደደ አይሸጥልኝም» ካላችሁ ብራችሁን ወደ ኪሳችሁ መልሱ፤ ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም ደረሰኝ የሚቆርጡ መጻሕፍት መደብሮች አሉ።