ለኮንሰርቲና የእርጥበት መቆጣጠሪያ ከረጢት፦ በብርዳማ አገር ሲፈተን

ኮንሰርቲናን፣ ማለትም ወናፉን እየሳቡና እየገፉ የሚጫወቱትን አነስተኛ የሙዚቃ መሣሪያ፣ ከብርዱ ይበልጥ የሚጎዳው ብርዱን ለመከላከል ቤት ውስጥ የሚበራው ማሞቂያ ነው። በረዶ ከሚጥልበት ደጅ የሚገባው አየር የሚይዘው ውኃ ጥቂት በመሆኑ፣ ሲሞቅ አንጻራዊ እርጥበቱ ከ20 ከመቶ በታች ሊወርድ ይችላል። ያን ጊዜ ድምፅ የሚያወጡት የብረት ምላሶች የተሰኩበት የእንጨት ሰሌዳ ይኮማተርና ምላሶቹን የያዘው የናስ ክፈፍ በማስገቢያው ውስጥ ይላላል፤ አንዱ ቁልፍ ሲነካ ጥዝዝ ይላል፣ የሌላው ድምፅ ይሰልላል፣ ወናፉ የሰበሰበው አየርም በየክፍተቱ ያመልጣል።

ቦቬዳ የተባለው ኩባንያ ለእንጨት የሙዚቃ መሣሪያዎች የሚያቀርበው፣ አንጻራዊ እርጥበትን 49 ከመቶ አካባቢ የሚያቆየው ከረጢት በውስጡ ባለው የጨው ውሕድ አማካይነት፣ አየሩ ሲደርቅ እንፋሎት ይሰጣል፣ ሲረጥብ ደግሞ መልሶ ይስባል። ውኃ ከጠጣ ስፖንጅ የሚሻለውም በዚሁ ነው፤ ጠብታ ብረቱ ላይ ካረፈ ዝገት ይከተላልና። መሣሪያዬን ቁልፍ ሳልነካ አንዱን ጫፍ ይዤ ሳንጠለጥለው ወናፉ በራሱ ክብደት ይከፈትበት የነበረው ፍጥነት (አየር የማምለጡ ምልክት)፣ ከረጢቱ ሳጥኑ ውስጥ ከሰነበተ በኋላ በግልጽ ቀንሷል፤ ጥዝዝ ይል የነበረው ምላስም ማንም ሳይጠግነው ጸጥ ብሏል።

ስለዚህ በደረቁ ወራት ወደ ጥገና ከመሮጥ ይህን አስቀድሞ መሞከር ይበጃል። በክፈፉ ጎን ቀጭን ወረቀት መሸጎጥ የታወቀ ዘዴ ነው፤ ነገር ግን እንጨቱ ደርቆ ሳለ የተሸጎጠው ወረቀት፣ እርጥበት ሲመለስና እንጨቱ ሲያብጥ ክፈፉን ጨምቆ ምላሱን ያንቀዋል። የጎን ብሎኖችንም በዚያ ወቅት አጥብቆ ማሰር ተመሳሳይ መዘዝ አለው።

ከረጢቱ የሚሠራው በደንብ በሚዘጋ ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው፤ መሣሪያውን ጠረጴዛ ላይ ለሚተው ሰው ገንዘብ ማባከን ነው። ሲደርቅና ሲጠነክር መለወጥ አለበት፣ ማሞቂያው በበረታ ቁጥርም ቶሎ ያልቃል። መሣሪያው ከደጅ ሲገባ ቀዝቃዛው ብረት ላይ የሚያርፈውን ጤዛም አያስቀርም፤ ለዚያ ያለው መላ ሳጥኑ እንደተዘጋ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ መታገሥ ነው። ምላሶቻቸው እንደ አኮርዲዮን በሰም ለተያያዙ ኮንሰርቲናዎች ግን ከረጢቱ ያን ያህል አጣዳፊ አይደለም፤ እነርሱን ይበልጥ የሚያሰጋቸው በኃይለኛ ብርድ ሰሙ ደርቆ መሰንጠቁ ነው።