ተለጣፊው የዓይን መሸፈኛ ለልጄ እንዴት ሆነላት?

ልጃችሁ ሰነፍ ዓይን አለባት ከተባላችሁና መሸፈኛ ልትገዙ ከሆነ፣ እኛ የምንጠቀመው ኦፕቲክሉድ የሚባለውን ነው፣ የልጆቹን መጠን። በጣም ወድጄዋለሁ። ርካሽ አይደለም፣ ጅማ ላይም እንደልብ አይገኝም፣ ግን ሥራውን ይሠራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዱ ዓይን ሲደክም አእምሮ በጥሩው ብቻ ማየት ይለምድና ደካማውን ይተወዋል። ስለዚህ የሚሸፈነው ደህናው ዓይን ነው። እናቴ "የሚያየውን ዓይን ትጋርጂባታለሽ እንዴ ልጄ?" ብላ ተቆጥታኝ ነበር፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የዓይን ክፍል ይዣት ሄጄ ሐኪሙ ሲያስረዳት ነው የተረጋጋችው።

መጀመሪያ የታዘዘልን መነጽር ነው። መነጽር ብቻውን ብዙ ልጆችን ያሻሽላል። መሸፈኛው ሲጨመር መነጽሩ ላይ የሚጠለቅ ጨርቅ ሞከርን፣ አልሆነም። ልጅቷ አገጯን ቀና ታደርግና በአፍንጫዋ በኩል ሹልክ ብላ በጥሩው ዓይን ታያለች፤ እንዲህ ከሆነ ደግሞ መሸፈኑ ምን ዋጋ አለው? ተለጣፊው ቆዳው ላይ ስለሚያርፍ፣ መነጽሩም ከላይ ስለሚደረግ፣ ማጮለቂያ የለም። በአፍንጫ በኩል ያለውን ጠርዝ በጣት ጫን ጫን ማለት ብቻ ነው።

ፊቷን በደንብ ካደረቃችሁ በኋላ ለጥፉት። ቅባት ወይም ቫዝሊን ካለ አይዝም፣ በላብም ይለቃል። ስታነሱት አትንጩት፤ ቅንድብ ይዞ ይመጣል። በለብታ ውሃ የራሰ ጥጥ ጠርዙ ላይ አድርጋችሁ ቀስ እያላችሁ ላጡት።

ሰዓቱን ሐኪም ይወስን። ለእኛ በቀን 2 ሰዓት ነው። በ2003 የወጣ የአሜሪካ ጥናት መካከለኛ ድክመት ላለባቸው ከ7 ዓመት በታች ልጆች 2 ሰዓቱ ከ6 ሰዓቱ እኩል እንደሠራ አሳይቷል። ከባድ ለሆነባቸው ግን የበለጠ ሊታዘዝ ይችላል። በራሳችሁ አታብዙት፣ ደህናው ዓይንም ሊዳከም ይችላል፤ ቀጠሮም አታሳልፉ። የእኔዋ በዚያ ሰዓት ቡና ስለቅም ሰፌዱ ላይ ተደፍታ ጠጠር ትፈልግልኛለች፤ መጀመሪያ በዳበሳ ነበር፣ አሁን ከእኔ ቀድማ ነጥላ ታወጣለች! ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም።

ያናደደኝ አንድ ፋርማሲ ነው። ከተከፈተ ፓኮ በፍሬ እየነጠለ ሸጠልኝ፣ ማጣበቂያው ደርቆ ቤት ሳንደርስ ተላቀቀ። ያውም የአዋቂ መጠን፣ ጉንጯን ሁሉ የሚሸፍን። ስለዚህ ያልተከፈተ ፓኮ ጠይቁ፣ "ጁኒየር" የሚለውንም እዩ፤ በውስጡ 20 ፍሬ አለው። ቆዳዋ ቀልቶ ካሳከካት ደግሞ ዝም ብላችሁ አታቋርጡ፣ ለአንዳንድ ልጆች በምትኩ ደህናው ዓይን ላይ የሚጨመር አትሮፒን የሚባል ጠብታ ስላለ ሐኪማችሁን ጠይቁ።