ለብሬስ የሚገባው ብሎን፦ የ3,500ው ወይስ የ8,000ው?

ሰሞኑን የሚደውልልኝ ሰው በዝቷል። «ድድሽ ላይ ያስገባሽው ብሎን ያማል? ስንት ነው? ደሴ ይሠራል ወይስ አዲስ አበባ ልሂድ?» ይሉኛል። ለእያንዳንዱ ቆርጬ ቆርጬ ከምነግር አንዴ በደንብ ልጻፈው አልኩ። ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ እኔ የማደላው ለውዱ ነው። ርካሹን በራሴ ድድ ሞክሬዋለሁ።

ስሙ ሚኒ ስክሩ ነው፤ በብሬስ (በጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) ጥርስ ሲሳብ መደገፊያ የሚሆን ትንሽ ብሎን ነው። ብዙ ሰው ጥርስ በወለቀበት ቦታ ከሚተከለው ኢምፕላንት ጋር ያምታታዋል። ያኛው ከአጥንት ጋር ተዋህዶ ይኖራል። ይሄኛው ሥራውን ሲጨርስ ይወጣል። ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፣ ርዝመቱ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

ለምን እንደሚያስፈልግ በእኔ ጥርስ ላስረዳ። ጥርሴ ገጣጣ ነበር። ከላይ በግራና በቀኝ አንድ አንድ ጥርስ ተነቅሎ የፊቶቹ ወደ ኋላ መሳብ ነበረባቸው። የሚስበው ነገር መደገፊያ ይፈልጋል። መደገፊያው የኋላ መንጋጋ ጥርስ ከሆነ እሱም በተራው ወደ ፊት ይንሸራተታል። ጥርስ አስነቅላችሁ ያገኛችሁት ክፍተት ከሁለቱም በኩል ይሞላና የፊቱ ሳይገባ ይቀራል። ብሎኑ ግን የቆመው አጥንት ላይ ነው። የሚሳበው የፊቱ ብቻ ይሆናል።

ያለ ብሎን የሚሠራበት መንገድም አለ። አንዱ የላንቃ ሽቦ ነው፣ ለእኔ 4,000 ብር ተብሎ ነበር። የኋላ ጥርሶችን ያግዛል እንጂ ፈጽሞ አያቆማቸውም። ጥርሱ ትንሽ ብቻ መግባት ላለበት ሰው ይበቃል። ሌላው ከአፍ ውጭ ጭንቅላት ላይ የሚታሰረው መሳቢያ ነው። በቀን 12 ሰዓትና ከዚያ በላይ መደረግ አለበት። ሥራ የሚውል ትልቅ ሰው ይህን አይችለውም፣ ስለዚህ አልፈዋለሁ።

አሁን ወደ ርካሹ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ክሊኒኩን በስም አልጠራም። አንዱ ብሎን 3,500፣ ሁለቱ 7,000 ብር አሉኝ። አዲስ አበባ የጠየቅኩት ከዚህ እጥፍ በላይ ስለነበር ደስ ብሎኝ ገባሁ። ራጅ አላነሱኝም። ብሎኑ የወጣው ከትንሽ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ነው፣ ሌሎች አራት አምስት ብሎኖች አብረውት ነበሩ። ከረጢቱ ላይ የፋብሪካ ስም የለም፣ ልክ የለም፣ ቁጥር የለም። ያኔ ምን እንደማይ አላውቅም ነበር። ጥርሱን የሚስበው ሞላ (ስፕሪንግ) ሲገጠም ደግሞ የብሎኑ አናት አልያዝ አለውና በቀጭን ሽቦ ጠምጥመው አሰሩት።

በ19ኛው ቀን የግራው ተነቃነቀ። በምላሴ ስነካው ይወዛወዛል። ዙሪያው ያለው ድድ አብጦ ቀልቷል። ስሄድ «ቆሎ በልተሽበት ነው» ተባልኩ፣ ሌላ 3,500 ከፍዬ ተቀየረ። እሱም ወር ሳይሞላው ወለቀ። ለመድኃኒትና ለመጉመጥመጫ 1,150 ብር ወጣ። ድምር 11,650 ብር። ጥርሴ ግን ንቅንቅ አላለም፣ አምስት ወርም እንዲሁ ሄደ። እውነቱን ለመናገር ከገንዘቡ በላይ ያንገበገበኝ ጊዜው ነው።

ብረቱ ቲታኒየም ስላልሆነ ነው የሚሉኝ አሉ። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። አብዛኛው ሚኒ ስክሩ ከቲታኒየም ቅይጥ ይሠራል፣ ግን ከስቲል የሚሠራ ጥሩ ብሎንም አለ፣ ባለሙያዎችም ይጠቀሙበታል። ችግሩ ማን እንደሠራው፣ በምን እንደጸዳ የማይታወቀው ነው። አፋችሁ ውስጥ አጥንት በስቶ የሚገባ ነገር ከሌሎች ጋር ተቀላቅሎ ከከረጢት አይወጣም።

ውዱን በ2016 ዓ.ም. አስገባሁ። የጥርስ ማስተካከል ስፔሻሊስቶች አብዛኞቹ ያሉት አዲስ አበባ ነው። እኔ ያገኘኋቸው ሐኪም ግን በወር አንዴ ደሴ እየመጡ ያያሉ። ስለዚህ አዲስ አበባ የሄድኩት ለማስገባት አንዴ ብቻ ነው። ዋጋው እንዲህ ነበር። አንዱ ብሎን 8,000፣ ሁለቱ 16,000 ብር። ራጅ 900። የአውቶቡስ ደርሶ መልስ 1,900፣ ያደርኩት አክስቴ ቤት ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ የምመላለስበት ሚኒባስ ለዘጠኝ ወር 1,080። ድምር 19,880 ብር። ከርካሹ በ8,230 ይበልጣል። ሁለቱን አንድ ላይ ስደምር ግን 31,530 ብር ከኪሴ ወጥቷል። መጀመሪያ ውዱ ጋ ብሄድ 11,650ው ይተርፈኝ ነበር። ዋጋ ዛሬ ተቀይሮ ይሆናል፣ እናንተ ልዩነቱን ተመልከቱ።

ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ያየሁት ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ነው። ሐኪሟ መጀመሪያ ራጁን አሳዩኝ። ብሎኑ በሚገባባቸው ሁለት ጥርሶች ሥር መካከል ያለው ቦታ 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ብሎኑ 1.6 ነው። ከመሐል በትክክል ቢገባ እንኳ በየጎኑ የሚተርፈው ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው። ያለ ራጅ በግምት ሲያስገቡልኝ የነበረው እዚህ ቦታ ላይ ነው!

ከዚያ የታሸገውን ፓኬት ሰጡኝና ራሴ አነበብኩት። ውፍረቱ፣ ርዝመቱ፣ የምርት ቁጥሩ ተጽፏል። ፊቴ ቀደዱት።

ማደንዘዣው ትንሽ ነው፣ ድዱን ብቻ ነው የሚያደነዝዘው። «እህቴ፣ መጫን ይሰማሻል፣ እሱ ደህና ነው። ስለት የመሰለ ሕመም ከተሰማሽ እጅሽን አንሺ» አሉኝ። ለካ ምክንያት አለው። ጥርሱ ጭራሽ ከደነዘዘ ብሎኑ ወደ ሥሩ ሲጠጋ በሽተኛው አያውቅም። ካቻቢቴ በመሰለች መሣሪያ በእጅ ቀስ እያሉ አዞሩት። ጆሮዬ ድረስ የሚደርስ ግፊት ነው እንጂ ሕመም አልነበረም። ቀኙ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። በግራው በኩል አንዴ ውግት አደረገኝና እጄን አነሳሁ። ወዲያው መለሱት፣ አቅጣጫውን ቀየሩ፣ እንደገና ጀመሩ። ባለፈው ጊዜ በዚያው በኩል ሲወጋኝ «አብሽሪ፣ ቻይው» ነበር የተባልኩት።

ማታ ማደንዘዣው ሲለቅ ጉንጬ ጠዘጠዘኝ። ፓራሲታሞል በቃው። ሁለት ቀን በአጥሚትና በቀዘቀዘ የሽሮ ፍትፍት አለፈ፣ በርበሬ የበዛበት ወጥ ያቃጥላል። የብሎኑ አናት ጉንጭን ስለሚፈትግ ሰም ይሰጧችኋል፣ ለጥፉበት። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሸንኮራ አገዳና አጥንት መጋጥ ይቅር። የምትቅሙ ልጆች ደግሞ በዚያ በኩል ጉንጭ ላይ ጫት አትያዙ፣ ቅጠሉ ብሎኑ ዙሪያ ይጠራቀምና ድዱ ያብጣል። ሲጋራም ይጎዳዋል። በለስላሳ ብሩሽ ዙሪያውን ማጽዳት፣ በጨው ውሃ መጉመጥመጥ። ክሎርሄክሲዲን (ጀርም የሚገድል መጉመጥመጫ) ካዘዙላችሁ እሱንም ባሉት ልክ ብቻ።

በጥሩ እጅም ቢሆን ሊላቀቅ ይችላል። ጥናቶች እንደሚሉት ከመቶው 13 ያህሉ ሳይያዝ ይቀራል። ለዚህ ነው ከመክፈላችሁ በፊት «ቢወልቅ ማን ይከፍላል?» ብላችሁ መጠየቅ ያለባችሁ። የእኔዋ ሐኪም በስድስት ወር ውስጥ ቢወልቅ አንዴ በነፃ እንደሚቀይሩ ካርዴ ላይ ጻፉልኝ። በቃል የተነገረ ዋስትና አትቀበሉ። ሞላው ዋጋው ውስጥ መኖሩንም ጠይቁ። ማውጫውንም ጠይቁ፣ አንድ ጓደኛዬ ሲወጣላት ያልጠበቀችውን 1,000 ብር ተጠይቃለች። ከተነቃነቀ በእጃችሁ ለማጥበቅ አትሞክሩ፣ በዚያው ቀን ደውሉ።

የእኔዎቹ ዘጠኝ ወር ሠርተው በ2017 ዓ.ም. ጥር ደሴ ወጡ። መርፌ እንኳ አላስፈለገም፣ ወደ ኋላ ሲያዞሩት ወጣ። ቀዳዳው በሳምንቱ ጠፋ። ብሬሱ ገና አፌ ላይ ነው፣ ከንፈሬ ግን አሁን ሳልታገል ይገጠማል። ሐኪሟ ደሴ በሚመጡበት ቀን ወረፋው ረጅም ስለሆነ ከኮምቦልቻ የምትመጡ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በፊት ተነሡ፤ የድሮ ራጅ ካላችሁም ይዛችሁ ኑ።