የእድራችንን መዝገብ ከተቆለፈ ላፕቶፕ ላወጣልን ልጅ፣ እግዜር ይስጥልን

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። ከዚያም ለመጠቆም። ከውጭ የተላከላችሁን አዲስ ላፕቶፕ ይዛችሁ አዲስ አበባን ከሱቅ ሱቅ የምትዞሩ ካላችሁ፣ በተለይ ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያስኬድ ሌላ ሥርዓት ነው) ለማስጫን ፈልጋችሁ «ይሄ ነገር አይሆንም» ተብላችሁ የተመለሳችሁ ካላችሁ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። እኔ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም። ሊኑክስ የሚባለውን ስም ራሱ የሰማሁት ከልጄ አፍ ነው። ግን ስራ አዋቂን ከአፈ ጮሌ መለየት አያቅተኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሜሪላንድ ያለችው ታናሽ እህቴ ለልጄ ላፕቶፕ ገዝታ ላከችለት። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ይማራል። ላፕቶፑ ቀጭን ነው፣ ቀላል ነው፣ ባትሪው ደግሞ ጉድ ያሰኛል። ስናፕድራጎን ኤክስ ኢሊት የሚባል ፕሮሰሰር፣ ማለትም የላፕቶፑ አንጎል፣ ነው ያለው። እነዚህ ላፕቶፖች ገበያ ላይ የዋሉት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 ነው፤ ያኔ ገና አዲስ ነበሩ ማለት ነው።

እኔ ደግሞ የሰፈራችን የሴቶች እድር ጸሐፊ ነኝ። ልጄ የእድሩን መዝገብ ከደብተር ወደ ኤክሴል ገልብጦልኝ ነበር። ማን ከፈለች፣ ማን ውዝፍ አለባት፣ ትልቁ ብረት ድስት አሁን ማን ቤት ነው ያለው፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። ስለዚህ ላፕቶፑ በስም የልጄ ይሁን እንጂ የሰፈሩ ሁሉ ንብረት ሆኖ ነበር።

ከዚያ አንድ ኮርስ መጣና መምህሩ ሁላችሁም ሊኑክስ ጫኑ አላቸው። የክፍል ጓደኞቹ አንድ ፍላሽ እየተቀባበሉ ጫኑ። የልጄ ላፕቶፕ ግን ያንን ፍላሽ እንደሌለ ቆጠረው። ቢሰካው፣ ቢነቅለው፣ ምንም።

እዚህ ላይ ነው መከራችን የጀመረው። የሱቆቹን ስም አልጠራም፤ እነሱ ራሳቸውን ያውቃሉ።

አንደኛው ጋ ስንደርስ የሱቁ ልጅ ላፕቶፑን በቅጡ ሳያየው «ቀላል ነው ማዘር፣ ሻይ ጠጥታችሁ ኑ» አለን። ስንመለስ ፊቱ ተለዋውጧል። ፍላሹ እምቢ ሲለው ውስጥ ገብቶ ያገኘውን ሴቲንግ ሁሉ ነካክቷል። ከዚያ በኋላ ላፕቶፑ ሲከፈት ሰማያዊ ስክሪን ብቻ ሆነ። ረጅም ቁጥር አስገቡ ይላል። የምን ቁጥር? ማንም አያውቅም። ልጁም ዓይኑን በጨው አጥቦ «ስታመጡት እንዲሁ ነበር» አለን። ቀጠል አድርጎ «ይሄ ኦርጅናል አይደለም፣ ፌክ ነው» አለ። ይባስ ብሎ የቼክ ነው ብሎ ብር ተቀበለን። ምኑን ቼክ እንዳደረገ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሌላው ደግሞ መዘርቦርዱ ሞቷል አለ። የሞተ መዘርቦርድ ስክሪን ላይ እንግሊዝኛ ይጽፋል እንዴ? ልጄ ይህንኑ ሲጠይቀው ተቆጣ። በኋላ ለስለስ ብሎ «ለመለዋወጫ ልግዛችሁ» አለና የጠራው ዋጋ ስድብ ነበር። የእህቴ የሌሊት ድካም ታየኝና እንባዬ መጣ። ደግሞም ውስጡ ያለው ሁሉ ይጥፋ፣ ፎርማት እናድርገውና እንገላገል ያለም አለ። የእድሩ መዝገብስ? የልጄ ፕሮጀክትስ? ላፕቶፑን እንደ ሕፃን አቅፌው ወጣሁ።

መፍትሔው ከእድሩ ራሱ መጣ። በወሩ ስብሰባ ላይ መዝገቡ ለምን እንዳልቀረበ ሳስረዳ፣ አንዳንዷ «እኔ ድሮም ደብተሩ ይሻላል ብዬ ነበር» ብላ ነገር ነገር አለች። አንዲት እህታችን ግን ቡና ላይ ጠጋ ብላኝ «አንድ የማውቀው ልጅ አለ፣ ቀን ቢሮ ይሰራል፣ ማታ ማታ ላፕቶፕ ያያል» አለችኝ። እሷንም እግዜር ይስጣት።

ስድስት ኪሎ አካባቢ ነው። ጠባብ ክፍል ናት። ማስታወቂያ የለ፣ መብራት የሚያብረቀርቅ የለ። ገና ስንገባ ተነስቶ የራሱን ወንበር ለእኔ ሰጠኝ። ከዚያ ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ። ላፕቶፑን አልነካውም። ሰማያዊውን ስክሪን አየት አደረገና እንዲህ ብሎ ጠየቀኝ፦

«እትዬ፣ ይህን ላፕቶፕ መጀመሪያ ከካርቶኑ አውጥቶ የከፈተው ማነው?»

ማንም ያልጠየቀን ጥያቄ ነው። እህቴ ናት አልኩት። መስራቱን ለማየት ከመላኳ በፊት እዚያው ከፍታው ነበር። «እንግዲያው ቁልፉ እሳቸው ጋ ነው፣ ደውሉላቸው» አለ። በቃ። ያን ሁሉ መንከራተት ያሳረፈ አንድ ጥያቄ!

ኋላ ለልጄ ሲያስረዳው እንደሰማሁት፣ ዊንዶውስ ዲስኩን ቢትሎከር በሚባል መቆለፊያ ይቆልፈዋል። ሌባ ቢሰርቀው እንኳ ውስጡን እንዳያይ ነው፤ ጥሩ ነገር ነው። አንድ ሰው የማስነሻውን ሴቲንግ ሲነካካ ግን ማሽኑ ይጠረጥርና ባለቤትነታችሁን አረጋግጡ ብሎ 48 አሃዝ ያለው ቁጥር ይጠይቃል። ቁጥሩ ደግሞ ላፕቶፑ መጀመሪያ በተከፈተበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። ማለትም እህቴ አካውንት ውስጥ። እሷ ራሷ መኖሩን አታውቅም።

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ደወልን። እሷ ጋ ቀን ነው፣ ስራ ላይ ናት። አረጋውያን ነው የምትንከባከበው። በእረፍቷ ሰዓት አነሳች። መጀመሪያ የሞተ ሰው ያለ መስሏት ደነገጠች፤ ያልተለመደ ሰዓት ስንደውል እኛ ሐበሾች ሁሌ እንዲሁ ነን። ከዚያ ፓስወርዷ ጠፋት። ያ ልጅ ግን አንዴ እንኳ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ «አይዞዎት እህቴ፣ ቀስ ይበሉ፣ አሁን ስክሪኑ ላይ ምን ይታይዎታል?» እያለ ደረጃ በደረጃ አስገባት። ኔትወርኩ ሲቆረጥ መልሶ ይደውላል። በራሱ ዳታ ነው የሚደውለው።

ስትገባ አንድ ሳይሆን ሁለት ቁጥር አገኘች። አንዱ የራሷ ላፕቶፕ ነው። ልጁ ስክሪናችን ላይ ያለውን አጭር መለያ አንብቦላት ትክክለኛውን ለየች። ከዚያ ማንበብ ጀመረች፤ ስድስት ስድስት አሃዝ እያለች፣ ስምንት ጊዜ። እሱ ግን ቁጥሩን ራሱ አልጻፈም። «አንተ ጻፍ» ብሎ ኪቦርዱን ለልጄ ሰጠውና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ገባችሁ? የሰው ቁልፍ ላለማየት ፊቱን አዞረ! ስንት ሱቅ ነው «ፓስወርዱን ወረቀት ላይ ጻፉልን» ብሎን ላፕቶፑን ከነሚስጥሩ ተረክቦን የነበረው?

ስክሪኑ ተከፈተ። የልጄ ፋይል አለ። የእድሩ መዝገብ አለ። ድስቱም ማን ቤት እንዳለ ታወቀ። እልል ልል ነበር፣ ሰው ይሰማል ብዬ ተውኩት።

ሊኑክሱስ አትሉኝም? ጨዋነቱን ይበልጥ ያየሁት እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ሁሉንም ፋይል ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ገልብጦ አስቀመጠ። ከዚያ «እትዬ፣ ለኮርሱ ብቻ ከሆነ ሊኑክስ እዚያው ዊንዶውስ ውስጥ ሆኖ እንዲሰራ ማድረግ ይቻላል፣ ብዙ ገንዘብ አያውጡ» አለኝ። ገንዘብ አያውጡ የሚል ባለሙያ! ልጄ ግን ዋናውን ነው የምፈልገው ብሎ ድርቅ አለ። እሺ አለው።

ያ ፍላሽ ለምን እንዳልሰራም ነገረው። የጓደኞቹ ላፕቶፖች ፕሮሰሰራቸው ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ ነው፤ የእሱ ግን አርም ነው፣ ስልካችን ውስጥ እንዳለው ዓይነት። ለአንዱ የተሰራው ለሌላው አይነሳም። አርም64 የሚለውን ነው ማውረድ ያለብህ አለው። ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 ባወጣው 25.04 በተባለው እትም ላይ እነዚህን ላፕቶፖች የሚያግዝ የዴስክቶፕ መጫኛ ፋይል ነበረው። እሱም ቢሆን ለእያንዳንዱ ሞዴል ምን ዕቃ የት እንዳለ የሚናገር የራሱ ፋይል ይፈልጋል። እኔ የገባኝ በሰፈራችን ነው፤ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር በሌለበት ሰፈር እንግዳ «ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብለህ» የሚለው ሰው ካላገኘ ቤቱን አያገኝም። ያ ፋይል ከሌለ ሊኑክሱም እንዲሁ ነው አሉ።

ደግሞ ዊንዶውሱን አላጠፋም። ጠበብ አድርጎ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ለምን ሲባል፣ ለግራፊክሱና ለድምፁ የሚያስፈልጉ አንዳንድ ፋይሎች የሚወሰዱት ከዚያው ከዊንዶውሱ ነው። ፎርማት እናድርገው ያለው ሰውዬ ትዝ አለኝና ሰውነቴን ወረረኝ።

ያን ማታ ሁሉም አልጋ በአልጋ አልነበረም። መጀመሪያ ዋይፋዩ ጠፋ። ስልኩን በገመድ ሰክቶ ኢንተርኔቱን ከስልኩ አስገባለት። መሃል ላይ መብራት ሄደ፤ ላፕቶፑ ግን ንቅንቅ አላለም፣ በባትሪው ቀጠለ። ብዙውን ትእዛዝ ልጄ ራሱ ነው የጻፈው። እሱ አጠገቡ ተቀምጦ «አሁን ምን ያልክ ይመስልሃል?» እያለ ይጠይቀዋል። ልጄ ሲሰለች ደግሞ ሊኑክስን የፈጠረው ሊነስ ቶርቫልድስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2022 አንዱን የሊኑክስ እትም ያወጣው ከአርም ላፕቶፕ ላይ እንደሆነ አጫወተው። ልጄ ዓይኑ በራ። ብዙ መምህር እንዲህ አያስተምርም፣ እውነቴን ነው።

የማይሰራውንም አልደበቀም። ካሜራው ሊኑክሱ ላይ ገና አይሰራም፣ ለቪዲዮ ጥሪ ወደ ዊንዶውስ ተመለስ አለው። ክዳኑን ዘግተህ ስታስቀምጠው ባትሪ ሊበላብህ ይችላል፣ አጥፋው አለው። እኛ እዚያ እያለን ማክቡክ የያዙ ልጆች መጡ። ፕሮሰሰሩ ኤም ስንት ነው ብሎ ጠየቀ። ኤም1 ላለው ይሆናል፣ ለማክቡክ የተሰራ አሳሂ የሚባል ሊኑክስ አለ፣ ሌላ ቀን ና አለው። ኤም4 ላለው ግን «አሁን አይሆንም ወንድሜ፣ ብርህን ያዝ» ብሎ መለሰው። እኔ ያየሁት እንግዲህ ደንበኛ ሲመልስ ነው። ሌላው ቢሆን ሻይ ጠጥታችሁ ኑ ይለው ነበር።

ሂሳቡን ስጠይቀው አፈረ። የጠራው ገንዘብ አንዱ ሱቅ ለ«ቼክ» ከተቀበለን ብዙም አይበልጥም። ጨምሬ ስሰጠው መልሶ ለልጄ ፍላሽ ግዢለት አለኝ። ያን ጊዜ ነው አንቺ ያለኝ፤ ቤተሰብ ሆነን ማለት ነው። በማግስቱ ደግሞ ደውሎ ዋይፋዩ እንዴት አደረ ብሎ ጠየቀ። የሸጠልህ ሰው ስልክ በማያነሳበት ከተማ፣ ደውሎ የሚጠይቅ!

እህቴ ጉዳዩን እዚያ ቤተክርስቲያን ለሚያውቋት ሁሉ አውርታዋለች። ስለዚህ ውጭ ያላችሁም ስሙኝ። ለቤተሰብ ላፕቶፕ ስትልኩ ከመላካችሁ በፊት በራሳችሁ አካውንት ከፍታችሁት ከሆነ ያንን 48 አሃዝ ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ ለባለቤቱ ብቻ ላኩለት። ለሊኑክስ የሚፈለግ ከሆነም ፕሮሰሰሩን ሳትጠይቁ አትግዙ። ልጁ እንዳለው ከስናፕድራጎኖቹ የሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ14ኤስ ጄን 6 በሊኑክስ ሰዎች ዘንድ ብዙ ተሰርቶበታል።

ስሙንና ስልኩን እዚህ አላወጣም። ቀን ቢሮ ስለሚሰራ ስልክ እንዳይበዛበት ለምኖኛል። ላፕቶፕ የቸገራችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ጠይቄው አገናኛችኋለሁ። የሚያየው ከማታ 12 ሰዓት በኋላ ነው፣ እሁድ አይሰራም። ስትሄዱ ቻርጀራችሁን ያዙ። ላፕቶፑን መጀመሪያ የከፈተው ሰው ውጭ ከሆነም አስቀድማችሁ ንገሩት፣ ስልኩን ያንሳ።