«ቦንሳይ» የሚባል የዛፍ ዝርያ የለም፦ ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡ

ቦንሳይ፣ ያን በሳህን ተተክሎ ትንሽ ሆኖ የሚያዝ ዛፍ፣ ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ጥቂት ታገሡኝ። እኔ ከፍዬ ተምሬአለሁ፤ ያውም ሁለት ጊዜ።

የመጀመሪያው ግዢዬ ዓይን የሚይዝ ነበር። ከክንድ የማይረዝም ጥድ፣ ግንዱ እንደ እባብ የተጠማዘዘ፣ በሰማያዊ የሸክላ ሳህን ላይ የተተከለ፣ አፈሩ በነጭ ጠጠር የተሸፈነ። ሻጩን «ምን ዓይነት ዛፍ ነው?» አልኩት። «ቦንሳይ ነው» አለኝ። «ዝርያውን ማለቴ ነው» ብለው «የቤት ውስጥ ቦንሳይ» ሲል አከለልኝ። ያን ጊዜ አመስግኜ መውጣት ነበረብኝ። አልወጣሁም።

ቦንሳይ የዛፍ ስም አይደለም። ቃሉ የጃፓን ሲሆን በሳህን የተተከለ እንደ ማለት ነው፤ አያያዙን እንጂ ዝርያውን አይነግራችሁም። ዛፉ ትንሽ ሆኖ የሚኖረው ቅርንጫፉ እየተገረዘ፣ ሥሩ እየተከረከመ፣ በጠባብ ዕቃ ስለሚያዝ እንጂ ድንክ ሆኖ ስለተፈጠረ አይደለም። ያው ጥድ መሬት ላይ ቢተው በራሱ ልክ ይሰፋል። እንግዲህ «ቦንሳይ ነው» የሚል መልስ «ይህ ምን እንስሳ ነው?» ተብሎ «የታሰረ ነው» እንደ ማለት ነው።

ጥዱን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። ሁለት ወር ያህል እንደ ለመለመ ቆየ፤ እኔም ለመጣው እንግዳ ሁሉ እያሳየሁ ተኩራራሁ። አንድ ቀን ቅጠሉን ስዳብሰው በጣቶቼ መካከል ተፈረፈረ። ግንዱን በጥፍሬ ጫር አደረግሁት። ሕያው ዛፍ ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴና እርጥብ ነው፤ የእኔው ደረቅ ቡናማ እንጨት ሆኖ ተገኘ። የጥድ ክፋቱ ይህ ነው፤ ሥሩ ከሞተ በኋላ እንኳን ቅጠሉ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት አረንጓዴ እንደ ሆነ ይቆያል። ምናልባት ስገዛውም በድን ነበር።

ጠጠሩን ላነሣ ስሞክር ሁሉም በአንድነት እንደ ድስት ክዳን ብድግ አለ። በሙጫ ተጣብቋል! ለካ ያ ሁሉ ሳጠጣው የነበረው ውሃ አብዛኛው በጠጠሩ ላይ ተንሸራትቶ በሳህኑ ጠርዝ ይፈስ ነበር። ሾልኮ የገባውም መውጫ አጥቷል፤ ሳህኑ ከታች ቀዳዳ የለውም። አፈሩ ጭቃ፣ ሥሩ ደግሞ የችግኝ ፕላስቲኩን ቅርጽ እንደያዘ የተጠቀለለ። ግንዱን ያጠማዘዘው ሽቦ ቅርፊቱን በልቶ ገብቷል።

ጥፋቱን ሁሉ በሙጫው ላይ ባሳብብ ግን ራሴን አታልላለሁ። ሳህኑ ደህና፣ አፈሩ ምርጥ ቢሆንም ያ ጥድ ሳሎን ውስጥ አይከርምም ነበር። ጥድ ፀሐይና ንፋስ የሚፈልግ የደጅ ዛፍ ነው። እንዲያውም በተፈጥሮው የቤት ውስጥ የሆነ ዛፍ የለም፤ ያሉት የቤት ኑሮን መቻል የሚችሉ የሞቃት አገር ዛፎች ናቸው። ከእነርሱ መካከል ፋይከስን (የዋርካና የሾላ ወገን የሆነውን ዛፍ) የሚያህል ይቅር ባይ አላየሁም። መስኮት አጠገብ ጥሩ ብርሃን ካገኘ ይበቃዋል፣ ሲገረዝ ካረጀ ግንዱ ላይ ሳይቀር ያቆጠቁጣል፣ ቅጠሉም በአያያዝ ያንሳል። «ጂንሰንግ» እየተባለ የሚሸጠውን፣ ሥሩ እንደ ድንች ያበጠውን ፋይከስ ግን በደንብ ተመልከቱት፤ በአብዛኛው ያ ወፍራም ሥር ላይ የሌላ ፋይከስ ቅርንጫፍ የተቀጠለበት ነው። በቀላሉ አይሞትም፤ ያረጀ ዛፍ መልክ ግን ከእርሱ አትጠብቁ፣ ለዚያም ብላችሁ አትክፈሉ።

ሁለተኛው ሞኝነቴ አጭር ነው። በኢንተርኔት «የሰማያዊ ሜፕል ቦንሳይ ዘር» ገዛሁ፤ ሜፕል በቅጠሉ ውበት የሚታወቅ ዛፍ ነው። ሰማያዊ ቅጠል ያለው ሜፕል የለም፤ ፎቶው በኮምፒውተር የተቀባ ነው። «የቦንሳይ ዘር» የሚባልም የለም፤ ያለው የዛፍ ዘር ብቻ ነው። እውነተኛው የጃፓን ሜፕል ዘር እንኳን ለመብቀል በእርጥበት ውስጥ የወራት ብርድ ያስፈልገዋል፤ ከበቀለ በኋላም ግንዱ ወግ እስኪይዝ ብዙ ዓመት ይፈጃል። እኔ ከዘራሁት የበቀሉት ሦስት ብቻ ናቸው። ሦስቱም ሣር ሆኑ።

ዝርያ ስትመርጡ መጀመሪያ ቅጠሉን እዩ። ወይራ ቅጠሉ ትንሽ ነው፣ ካረጀ እንጨቱም ያቆጠቁጣል፤ የቻይና ኤልም የሚባለው ቅጠለ ትንሽ ዛፍም ለጀማሪ የሚመች ነው። ማንጎና አቮካዶ ግን ቅጠላቸው ሰፊ፣ በቅርንጫፉ ላይም የተራራቀ ስለሆነ የቱንም ያህል ብትገርዟቸው ትልቅ ቅጠል የተሸከመ ችግኝ ከመምሰል አያልፉም። ዘንባባን በሳህን ተክሎ ቦንሳይ ብሎ የሚሸጥም አጋጥሞኛል። አንድ ግንድ ያለው ዘንባባ የሚያድገው በአንዲት ጫፉ ነው፤ እርሷ ከተቆረጠች አለቀለት፤ ምኑ ይገረዛል?

«ቀጭን ቢሆንም ሳህኑ ውስጥ ይወፍራል» ለሚላችሁም ጆሮ አትስጡ። በጠባብ ሳህን የታፈነ ግንድ የሚወፍረው እጅግ በዝግታ ነው። ባለሙያዎቹ ለዚህ ነው መጀመሪያ መሬት ላይ ወይም በሰፊ ዕቃ ለዓመታት አሳድገው፣ ግንዱ ሲጎለብት ብቻ ወደ ሳህን የሚያዛውሩት። ስለዚህ ዓይናችሁ ከግንዱ ግርጌ ይጀምር፤ ሥሩ አፈሩን ጨብጦ በየአቅጣጫው ተዘርግቷል? ግንዱን ይዛችሁ ቀስ አድርጋችሁ አወዛውዙት፤ እንደ ላላ ጥርስ ከተንቀሳቀሰ ትናንት የተተከለ ይሆናል። ጠጠሩን በጣታችሁ ነካ አድርጉት፣ ሳህኑንም ከፍ አድርጋችሁ ታችኛውን ተመልከቱ። ሻጩ ቅር ቢለው ይበለው።

አሁን ያለኝ ከችግኝ ጣቢያ በጥቁር ፕላስቲክ የገዛሁት ተራ ፋይከስ ነው። ያለ ርኅራኄ ቆርጬው ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ከጉቶው ላይ ሁለት ቡቃያ አውጥቷል። ሰማያዊውን ሳህን ቁልፍ አስቀምጥበታለሁ።