ኮዬ ፈጬ የገዛሁት ግሉታታዮን፣ 60 ፍሬ በ4,800 ብር

ኮንዶሚኒየሙ ስር ካሉት ኮስሞቲክስ ቤቶች አንዱ ጋ ነው የገዛሁት፣ ስሙን ልተወው። ቆዳ ያቀላል፣ ድካም ያስለቅቃል እየተባለ የሚሸጥ ባለ 500 ሚሊግራም ካፕሱል ነው።

እቃው መስኮቱ ላይ ፀሐይ ሲመታው ይውላል። ቤት ገብቼ ስከፍተው ፍሬዎቹ እርስ በርስ ተጣብቀዋል፣ ሽታው ደሞ የተበላሸ እንቁላል። ሽታውስ እሺ፣ ግሉታታዮን ውስጥ ያለው ሲስቴይን የሚባል አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መሥሪያ) ሰልፈር አለው፣ ሥራውንም የሚሠራው በሱ ነው። መጣበቁ ግን እርጥበት ነው፣ ይዤ ስመለስ ልጅቷ «የኔ ቆንጆ ሁሉም እንደዚህ ነው» ብላ ሸኘችኝ። ብሬ አሳዝኖኝ ሦስት ሳምንት ዋጥኩት፣ ከግሳት በቀር ያየሁት ነገር የለም።

ጠርሙሱ ላይ አንቲኦክሲዳንት (ሴልን ከጉዳት የሚከላከል) ይላል፣ እሱ ውሸት አይደለም። ሴላችን ጉልበት ሲያመርት ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ ይወጣዋል፣ ያው ፀጉር ቤት ከቀለም ጋር የሚቀላቅሉት ነገር፣ ከተጠራቀመ ሴሉን ይጎዳል። ግሉታታዮን ሴሊኒየም ባለው ኢንዛይም ታግዞ ውሃ ያደርገዋል፣ ከዛ ግሉታታዮኖቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይያያዛሉ፣ ሌላ ኢንዛይም ይለያያቸውና እንደገና ሥራ፣ እንደ ቱሉ ዲምቱ ታክሲ ሲመላለሱ ነው የሚውሉት።

ግን ይሄ ሁሉ ሴል ውስጥ ነው! ሰውነታችን ራሱ ከሦስት አሚኖ አሲዶች ይሠራዋል፣ በተለይ ጉበት። የዋጥነው አብዛኛው አንጀት ላይ ተበጣጥሶ ወደ አሚኖ አሲድ ይመለሳል፣ እንደዛ ከሆነማ ሽሮና እንቁላል ምን አደረገኝ? ፋርማሲስት የሆነው የአክስቴ ልጅ እየሳቀብኝ፣ ፓራሲታሞል ከመጠን በላይ ወስዶ የጉበቱ ግሉታታዮን ላለቀበት ሰው እንኳን የሚሰጠው አሴቲልሲስቴይን ነው፣ ጥሬ እቃውን ነው የምንሰጠው፣ ጉበት ራሱ ይሠራዋል አለኝ። ይሄን ከመግዛቴ በፊት ቢነግረኝ ምን ነበረበት።

ያስደነገጠኝ ደሞ ልጅቷ «በወር ፍክት ትያለሽ፣ ከቸኮልሽ ደሞ መርፌውም አለ» ማለቷ። በኮስሞቲክስ ቤት መርፌ! ማቅያ መርፌው በጣም የተለመደባት ፊሊፒንስ እንኳን የመድኃኒት ተቆጣጣሪው እ.ኤ.አ. በ2011 ኩላሊትና ታይሮይድ ሊጎዳ ይችላል ብሎ አስጠንቅቋል። እኔ ደሞ መቅላት መቼ አማረኝ፣ ድካም ያስለቅቃል ተብዬ ነው የገዛሁት።

ለካፕሱሉ ከ5 አንድ ኮከብ። የዛው ቤት የፀጉር ቅባት ግን ደህና ነው፣ ዋጋውም ከመርካቶ ብዙ አይርቅም።